ሁለት ልጆች ብዬ ጻፍኩ

ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከተደረደርነው ማመልከቻ ጸሐፊዎች መሀል ጎበዟ ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እኔን ነው የሚያሳዩአችሁ። ይህን ስናገር አላፍርም። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ግን አንድ ሰው እያለቀሰና እየተሳደበ፣ ከመሀል ጀምሮ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚነግረኝን ጉዳይ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጬ እሰጠዋለሁ። ዳኛውም ሳይሰለች ያነበዋል። ጠበቆች እንኳ አንዳንዴ ረቂቃቸውን ይዘው መጥተው «እስቲ እይልኝ» ይሉኛል። እጄ ፈጣን ነው፤ ዓይኔ ስሕተት አያልፍም።

በዚሁ እጄ ነው የሕይወቴን ትልቁን ውሸት የጻፍኩት። የጻፍኩትም ለደንበኛ ሳይሆን ለራሴ፣ ለወንድሜና ለእናቴ ነበር። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ።

አባቴ አናጢ ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ አብነት አንድ እንጨት ቤት ተቀጠረ፤ ኋላ የራሱን ከፈተ። በርና መስኮት ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ ሶፋ ያለብሳል። መኖሪያችን ከሥራ ቤቱ ጀርባ ነበር። ከፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ጠፍቶ አያውቅም፤ እናቴ ገበታ ከመቅረቡ በፊት በር ላይ አቁማ በፎጣ ታራግፈው ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ሰውን የሚወደው በእጁ ነው፤ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት የሠራልኝ ትንሽዬ ጠረጴዛ ላይ ነው ልጆቼም ያጠኑት።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል። የት እንደሚሄድ እናቴ አትጠይቅም፤ እሱም አይናገርም። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ቅዳሜ እኔን ይዞኝ ሄደ። ሰንጋ ተራ ያን ጊዜ ኮንዶሚኒየሙ አልተሠራም፤ ቆርቆሮ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙበት ሠፈር ነበር። ከአንዱ በር አንዲት ልጅ እየሮጠች ወጥታ ወገቡ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ!» አለችው።

እኔ እሱን የምጠራበት ስም ነው። አየኋት። ከኔ በአንድ ዓመት ታንሳለች፤ ጆሮዋ እንደሱ ወጣ ያለ ነው። እናቷ ሻይ አፈላችልን፣ እኛ ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ገመድ ስንዘል ዋልን። ስንመለስ አባቴ እጄን ይዞ ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «እህትሽ ናት። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ነገርኳት። እህት አገኘሁ ብዬ ተደስቼ ነበርና የምትደሰት መሰለኝ። እናቴ አልጮኸችም። የያዘችውን ሳህን አጥባ ጨረሰች፤ እጇን ጠረገች፤ ከዚያ «እኔ በሕይወት እስካለሁ ያቺ ልጅ በዚህ ቤት ስሟ አይነሣም» አለች። አልተነሣም። አባቴ ቅዳሜውን ባይተውም እኔን ሁለተኛ ይዞኝ አልሄደም። እኔም አደግኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ያቺ ገመድ አብራኝ የዘለለች ልጅ በሕልሜ ያየኋት ያህል እየራቀችኝ ሄደች።

አባቴ ሳንባው የታመመው አካባቢያችን ለመልሶ ማልማት ይነሣል እየተባለ በሚወራበት ጊዜ ነው። ማስታመሙን ከእናቴ ጋር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ብቻችንን ሳለን፣ ትራሱን ሳስተካክልለት እጄን ያዘኝ።

«እህትሽን ጥሪልኝ» አለ።

የትኛዋን ብዬ አልጠየቅኩም። «ስልኳ ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በእርሳስ ጽፌዋለሁ» አለኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። ከመጋዞቹ በላይ፣ ባልተለሰነው ብሎኬት ላይ፣ ስም የሌለው ቁጥር ተጽፏል። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ጻፍኩት። ከዚያ ደግሞ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ያቺን ልጅ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ስታገኛት የሚሆነው ታየኝ። ነገ እደውላለሁ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ «ጠራሻት?» አለኝ።

«ደወልኩ፤ ዝግ ነው» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን መናገር አቃተው። ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነበር። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ቀና ለማለት ይሞክራል፤ የገባውን ሲያይ መልሶ ይተኛል። ሳምንት ሳይሞላ ዐረፈ። ለቀብሩም አልጠራኋትም።

ከአርባው በኋላ ወንድሜ ሥራ ቦታዬ መጣ። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሜክሲኮ አካባቢ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ለባሌ ሥራ ያገኘለት እሱ ነው፤ ስወልድ ሆስፒታል ያደረሰኝም እሱ። ፕላስቲክ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ወረቀቶቹን ከፊቴ አኖረ።

«የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልገናል። ቤቱ ከመነሣቱ በፊት እንድናቀርብ ተነግሮናል» አለኝ።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ርእሱን ጻፍኩ፣ የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ የሞተበትን ቀን ጻፍኩ። ከዚያ ቆምኩ።

«ስንት ልጅ ልበል?»

«ምን ማለትሽ ነው? እኔና አንቺ።»

«እማዬስ ምን አለች?»

«እሷ ናት የላከችኝ» አለና ወደ መንገዱ ዞረ። ዓይኔን ማየት አልፈለገም። ያውቃል ማለት ነው። ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን አንዳችንም ቃሉን ከአፋችን አላወጣነውም።

«ሟች ከእኛ ከሁለት ልጆቻቸው በቀር ሌላ ተወላጅ የላቸውም» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሲዋሽ እጁ ይንቀጠቀጣል የሚሉት ተረት ነው። የኔ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም እንደዚያ ያማረ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ቃለ መሐላውን ፈረምን። ስለዚያች ልጅ ምንም የማያውቁ ሁለት የሠፈር ሰዎች በቅንነት መሰከሩልን። ውሳኔው ወጣ።

ለምን ጻፍሽው ብትሉኝ፣ እናቴን ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ፈልጌው ነበር። ልጆቼን ይዤ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስንከራተት የኖርኩ ሰው ነኝ። ለሁለት የሚከፈል ነገር ለሦስት ከሚከፈለው እንደሚበልጥ ለማወቅ የሒሳብ አስተማሪ አያስፈልግም። ፈተናው እንዲህ ቀንድ አውጥቶ አልመጣብኝም። ወንድሜን መስሎ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የመጣው።

ሦስት ወር ገደማ አለፈ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ጃንጥላዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ «እህቴ፣ ማመልከቻ ትጽፊልኛለሽ?» አለችኝ።

ሁሉም እህቴ ነው የሚለኝ። ቁጭ በይ አልኳት። ጠንካራ ሴት ናት፤ ጥፍሮቿ ዙሪያ ኮላ ደርቋል፤ ነጠላዋን እንደ ወንድ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋዋለች። እንደ ልማዴ መታወቂያዋን ጠየቅኳት። ተቀብዬ ስሟን ስጽፍ፣ ከስሟ ቀጥሎ የአባቴ ስም፣ ከሱ ቀጥሎ የአያቴ ስም። በዚህ አገር የማን ልጅ እንደሆንክ ለማወቅ መታወቂያህን ማየት ይበቃል። ቀና ብዬ አየኋት። ጆሮዋ አልተለወጠም።

እሷ አላወቀችኝም። በምን ታውቀኛለች? ስሜ የትም አልተጻፈም፤ ሰዉም «ጸሐፊዋ» ነው የሚለኝ።

«ጉዳይሽ ምንድነው?» አልኳት።

«አባቴ ሞተ። የሰማሁት ከተቀበረ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም እንጨት ከሚያመጣልን ነጋዴ። ለቅሶ ልደርስ ቤቱ ሄድኩ። ወንድ ልጁ በር ላይ ወጥቶ 'አባታችን ሁለት ልጅ ነው ያለው፤ ፍርድ ቤትም አረጋግጦልናል' አለኝና ወረቀት አሳየኝ። እኔም ፎቶ አነሣሁት።»

ስልኳን ሰጠችኝ። የራሴን ዓረፍተ ነገር፣ ቃል በቃል ወደ ውሳኔው የገባውን፣ በእሷ ስልክ ላይ አነበብኩት።

«ድርሻሽን ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። አዎ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ሰው ገንዘብ ሲፈልግ ልትንቀው ትችላለህ።

«ድርሻው ቢቀር ይቅር። እጅ አለኝ፣ ሥራ አለኝ፤ ሙያዬን ያስተማረኝም እሱ ነው። የለችም መባሌን ነው ያልቻልኩት። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በየወረቀቱ የሱን ስም ከስሜ ቀጥሎ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አሁን የማን ነሽ ብባል ምን ልበል?»

እኔ እንዲህ ዓይነቱን ጉዳይ በስንት ቀን፣ በምን ማስረጃ፣ በየትኛው ችሎት እንደሚታይ አብጠርጥሬ አውቃለሁ። ገና ብዙ ጊዜ ነበራት። መታወቂያዋን መለስኩላትና፣

«ጊዜው አልፎበታል፤ የተወሰነ ነገር ነው። ብትደክሚም ትርፉ ልፋት ነው» አልኳት።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ልትከፍለኝ ስትል እንቢ አልኳት። ተነሥታ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

«እግዜር ይስጥሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ገንዘቤን እየተቀበለ ያመላልሰኝ ነበር። አንቺ ደግ ሰው ነሽ» ብላኝ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደች።

ያን ቀን ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ስሕተት ነበር። ከሳሽን ተከሳሽ አልኩት። አንዱ ደንበኛ «ታመሻል እንዴ?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ሳምንቱን እንዲሁ ሰነበትኩ። ልጄ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ማየት አልቻልኩም፤ የአባቴን እጅ የማየው ይመስለኛል። ቅዳሜ ጠዋት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

የአባቴን ፍትሐት ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። ስልሳ ጊዜ የሰሙት ዓይነት ኃጢአት አስቀደምኩላቸው፤ ጾም ገደፍኩ፣ ጎረቤት አማሁ። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝና፣

«ይሄ እኮ ሌላ ጊዜም ይደርሳል። ያመጣሽን ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ ቁጥር ጀምሬ «ደግ ሰው ነሽ» እስካለችኝ ድረስ። ጨርሼ እንባዬን ጠረግኩና፣ «አባ፣ ስንት ስግደት ይሰጡኛል?» አልኳቸው።

«አልሰጥሽም።»

«እንዴት?»

«የሰው ዕቃ በብብትሽ ይዘሽ ትሰግጃለሽ? መጀመሪያ መልሺ። ለኔ የነገርሽኝን ለእሷ ንገሪያት፤ ለዳኛው የዋሸሽውን ዳኛው ፊት አፍርሺው። ከዚያ ነይ፤ ስግደቱ የትም አይሄድም።»

«ብታሰርስ አባ?»

«እጠይቅሻለሁ፤ ስንቅም አመጣልሻለሁ» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ካለቀስኩበት ሳቅኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከዚያ ስወጣ መፍራቴን አልተውኩም፤ ግን የማደርገውን አውቄ ነበር። ማድረግ ያለበትን ያወቀ ሰው ፍርሃት እያለበትም መንገድ ይሄዳል።

መታወቂያዋ ላይ ወዳየሁት ሠፈር ወረድኩ። «ሶፋ የምትሠራ ሴት» ብዬ ስጠይቅ ሁለት ጊዜ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ጠባብ ሥራ ቤት ናት። ስፖንጅ እየቆረጠች አገኘኋት። አባቴ ስፖንጅ ሲቆርጥ ምላሱን በጥርሱ ይይዝ ነበር፤ እሷም ይዛለች።

«ውይ ጸሐፊዋ! ግቢ፣ ግቢ» አለች። ወንበር ጠረገችልኝ።

«አልቀመጥም። ቆሜ ልንገርሽ፤ ካስወጣሽኝም ለመውጣት እንዲቀለኝ» አልኳት።

ስሜን ነገርኳት። ቢላዋውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጊዜው ሳያልፍ አልፏል ብዬ እንደዋሸኋት ነገርኳት። ፊቷ ምንም አልተለወጠም፤ ጆሮዋ ብቻ ቀላ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሌላውን ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ አባቴም አይመጣ። ተፈተንኩ፣ አልዋሽም። ግን ሸክሙን ግማሹን አውርጄ ግማሹን ይዤ መመለስ አስጠላኝ።

«አንድ ነገር ቀርቷል። ከመሞቱ በፊት ጥሪልኝ ብሎኝ ነበር። አልጠራሁሽም።»

«ምን አልሽ?»

«ጠርቶሻል። ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ዝግ ነው ብዬ ዋሸሁት።»

ስፖንጁ ላይ ቁጭ አለች። ውጭ አንዱ እንጨት በመጋዝ ይቆርጣል፤ እሱ ሲያቆም ነው የተናገረችው።

«ጠርቶኝ ነበር» አለች ለራሷ። «እኔ እኮ አልፈለገኝም ብዬ ነው። ሲታመም ለምን ቅዳሜ ቀረ ብዬ ሥራ ቤቱ ድረስ መጥቼ ከማዶ ቆሜ ተመልሻለሁ። ካልጠራኝ አልገባም ብዬ።» ከዚያ ቀና አለች። «ውጪልኝ።»

ወጣሁ። በሩን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ ጠራችኝ። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው፤ አንቺው አፍርሺው። ደግሞ አሳምረሽ ጻፊው።»

በማግስቱ ቅዳሴ ሲያልቅ ወንድሜና እኔ እናታችን ቤት ምሳ በላን። ሳህኑ ሲነሣ ነገርኳቸው። ማስረጃው እንዲሰረዝ መቃወሚያ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ነገ ይገባል፣ እኔም በቃለ መሐላ እውነቱን እናገራለሁ አልኩ።

ወንድሜ ተነሥቶ ቆመ። «አብደሻል? በሐሰት መማል ምን እንደሚያስከትል አንቺ ታጪዋለሽ? ትታሰሪያለሽ፤ እኔንም ታሳስሪኛለሽ!»

«አውቃለሁ። ካንተ የተሻለ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው አብረን እንሂድ የምልህ። ሰው ይዞን ከምንሄድና ራሳችን ከምንሄድ የትኛው ይሻላል?»

«ለአንዲት የውጭ ልጅ ብለሽ!»

«የውጭ አይደለችም። አባዬ ሊሞት ሲል የጠራው እኔንና አንተን አይደለም፣ እሷን ነው።»

ይህን ስል እናቴ እስከዚያ ድረስ የምትጠቀልለውን የገበታ ልብስ ለቀቀችው።

«መቼ?» አለች።

«ቅዳሴ የሄድሽ ቀን፣ እማዬ። ጥሪልኝ አለኝ። አንቺን ፈርቼ ተውኩት።»

የጠበቅኩት ቁጣዋን ነው። አልመጣም። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ አባቴ የሞተበት አልጋ ወዳለበት ክፍል ዞረች።

«ለዚህ ነዋ በሩን በሩን ሲያይ የነበረው» አለች። «እኔ ደግሞ መልአኩን እያየ መስሎኝ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ 'በሰላም ሂድ፣ አትፍራ' እለዋለሁ። ልጁን ነው ለካ የሚጠብቀው።»

ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ባሌ በደለኝ» አለች ቀስ ብላ። «በድሎኛል፣ እሱን አልክድም። ግን እሱን መቆጣት ሲያቅተኝ ቂሜን በሕፃን ልጅ ላይ አወጣሁት። ገመድ ዘለልን ብለሽ ስትነግሪኝ እኮ ስድስት ሰባት ዓመቷ ነበር።» ወደ ወንድሜ ዞረች። «ቁጭ በል። ማንም ከሠፈር ምስክር አይጎትትም። እኔ አለሁ።»

ቀጠሮው ሲደርስ ከእናቴ ጋር አንድ ታክሲ ይዘን ሄድን። እህቴ ቀድማን ደርሳ ከችሎቱ ውጭ ቆማለች፤ ሁለቱ ሴቶች ከሩቅ ተያዩ እንጂ ሰላም አልተባባሉም። ወንድሜ አልመጣም ነበር። ውስጥ ገብተን መዝገቡ ሲጠራ፣ በየቀኑ ደንበኞቼን የምሰድድበት ክፍል ውስጥ እኔ ራሴ ቆምኩ። የጻፍኩት ሐሰት እንደነበረ፣ እያወቅኩ እንደጻፍኩት ተናገርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይህንንም በኩራት ነው የምናገረው፤ ውሸቱን ስጽፍ ያልተንቀጠቀጠ ሰው እውነቱን ሲናገር ሊንቀጠቀጥ አይገባውም።

ቀጥሎ እናቴ ተጠራች። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ «እማማ፣ ተቀምጠው ይናገሩ» አለቻት።

«ቆሜ ነው የምናገረው» አለች እናቴ። «ይቺ የባሌ ልጅ ናት። ከተወለደች ጀምሮ አውቃለሁ። ልጆቼን ዋሹ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለ ከኔ ይጀመር።»

ይህን ስትል የኋላው በር ተከፈተ። ወንድሜ ነው። ላብ አጥምቆታል፤ ከሜክሲኮ እየሮጠ የመጣ ይመስላል። ዳኛዋ የምትለው ካለ ብላ ስትጠይቀው እግሩን እያየ፣ «እህቴ ያለችው ልክ ነው» አለ። የትኛዋን እህቱን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

የመጀመሪያው ማስረጃ ተሰረዘ፣ የሦስት ልጆች ስም ያለበት ሌላ ወጣ። እኛን በተመለከተ፣ ማንም ሳይጎዳበት በራሳችን ፈቃድ መልሰን ስላመጣነው በብርቱ ተግሣጽ አለፉን። ዳኛዋ ለእኔ የተናገረችውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። «አንቺ ሥራሽ የሰውን ቃል ማስፈር ነው፤ ከሌላው ሰው አንቺ ትብሻለሽ» ነበር ያለችው። ትክክል ነበረች። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንበኛ «ይህችን እንኳ ዝለያት» ሲለኝ፣ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ወደ ሌላ ጸሐፊ እልከዋለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል። አብዛኛው ግን ዞሮ ይመጣል፤ የኔ ማመልከቻ እንደሚታመን ያውቃል።

ከችሎት ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አራታችንም ቆምን። እናቴ እህቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣

«ምሳ በልተሻል?» አለቻት።

«አልበላሁም።»

«እንግዲያው ነይ።»

ሌላ አልተባለም። ያን ቀን በእናቴ ቤት ሽሮ በላን። እህቴ እጇን ስትታጠብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባታችንን ፎቶ አይታ ፊቷን አዞረች፤ እናቴም ይህን አይታ ወጥ ለማምጣት ብላ ተነሥታ ሄደችላት።

ቤቱ እንደተባለው ተነሣ። የደረሰንን ካሳ እንደ ሕጉ ተካፈልን። ከአባቴ ሥራ ቤት መጋዙንና መዶሻውን፣ ማሽኑንም ጭምር፣ ሁሉንም ለእህቴ ሰጠናት፤ ከመካከላችን የሚያውቅበት እሷ ብቻ ናትና። ሊያፈርሱት ሲሉ ከግድግዳው ላይ ያንን ስልክ ቁጥር ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። አልመለሰችልኝም። በሳምንቱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለወረቀቱ ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ለስልኩ ግን ገና ነኝ። እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው።»

«እስኪሆንልሽ እጠብቃለሁ» አልኳት። እየጠበቅኩ ነው። ገና ነኝ ብላ የነገረችኝ ሰው ውስጧን ትደብቀኛለች ብዬ አልሰጋም፤ ሲሆንላትም እንደምትነግረኝ አውቃለሁ። የንስሐ አባቴ ዘንድም ተመልሼ ሄጄ ስግደቴን ተቀበልኩ። በዛብኝ ብዬ ስከራከራቸው «ስንቁን ስላተረፍሽልኝ እንጂ ይጨመር ነበር» አሉኝ።

ባለፈው ፋሲካ ወንድሜ ከጎረቤቶቹ ጋር ቅርጫ ገብቶ፣ ለእኛም ለሦስታችን አንዳንድ መደብ አስይዞልን ነበር። በዋዜማው ረፋድ ዕጣው ወጥቶ ሥጋው ሲታደል እህቴ መደቧን ገላልጣ አየችና፣ «ይሄ ሁሉ አጥንት ነው! ሻኛውን ለራስህ አስቀርተህ ነው» አለችው።

«ዕጣ ነው! በዓይንሽ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ዕጣውን የያዝከውም አንተ ነህ።»

«ይቺ ሴትዮ ሌባ አደረገችኝ እኮ!» ብሎ ወደ እኛ ዞረ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ወንድሜ እየተሳደበ ከራሱ መደብ ሻኛውን ግማሹን ቆርጦ ሳህኗ ላይ ጣለላት። እሷም አነሰኝ ብላ ቢላዋውን ከእጁ ቀማችው።